ያገለገለ ላፕቶፕ ከመግዛታችሁ በፊት ማሽኑን ራሱን ጠይቁት

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአክስቴ ልጅ ያገለገለ ላፕቶፕ ልንገዛ አብረን ወጣን። የመጨረሻ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበረች። ያገኘነው ማሽን ጭረት የለበትም፣ ኪቦርዱ አዲስ ይመስላል፣ ሲከፈትም ቶሎ ይነሳል። ደስ ብሎን ከፈልን። በሦስተኛው ሳምንት ሌሊት ላይ ደወለችልኝ። ላፕቶፑ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ እያሰማ አልነሳ ብሏል። የመመረቂያ ጽሑፏ ሁለት ምዕራፍ ውስጡ ነበር። ሌላ ቦታ አላስቀመጠችውም።

ሃርድ ዲስኩን አውጥቼ ከእኔ ኮምፒውተር ጋር አገናኘሁትና የዲስክን ጤና የሚያሳየውን ፕሮግራም፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን፣ ከፈትኩ። ቀይ አበራ። ዲስኩ ከ20,000 ሰዓት በላይ ሠርቷል። የተበላሹ ቦታዎቹም ተመዝግበዋል። ይህ ሁሉ መዝገብ በሦስት ሳምንት የተከማቸ አይደለም፤ በገዛንበት ቀንም አብዛኛው እዚያው ነበር። ለማየት ሁለት ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ሰው ላፕቶፕ ልገዛ ነው ሲለኝ የምነግረው አንድ ነገር ነው። ማሽኑ ስለራሱ ይመዘግባል፤ ሻጩን ከመጠየቅ በፊት መዝገቡን አንብቡ። ሻጩ የግድ ውሸታም ስለሆነ አይደለም። ብዙ ጊዜ እሱም አያውቅም፤ በካርቶን መጥቶለት ጠርጎ ነው የሚያስቀምጠው። ከዚህ በታች የጻፍኩት እኔ ራሴ የምከተለው አካሄድ ነው። ዊንዶውስ ላላቸው ማሽኖች ነው። የሱቁ ክፍል ሠላሳ ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ ቀሪው ቤት የሚሠራ ነው።

ቤት ውስጥ የሚደረግ ዝግጅት

ሁለት ፍላሽ ያዙ። በመጀመሪያው ላይ እነዚህን ጫኑ፦ ሲፒዩ-ዚ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ ክሪስታል ዲስክ ማርክ፣ ኤችደብሊውኢንፎ እና ሲኔቤንች አር23። ሁሉም በነፃ ይገኛሉ። ስታወርዱ ኢንስቶል ማድረግ የማያስፈልገውን ምረጡ። አብዛኛውን ጊዜ «ፖርተብል» ወይም «ዚፕ» ተብሎ ይቀመጣል። ዚፑን ቀድማችሁ ፍቱት። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ ኢንተርኔት ስትፈልጉ ጊዜው ያልቃል፤ ባለሱቁም ይሰለቻል። ሲኔቤንች ከሁሉም ትልቁ ነው፤ በሞባይል ዳታ ከሆነ የምታወርዱት ይህን አስቡበት።

ከሶፍትዌሩ ሠሪ ገጽ ብቻ አውርዱ። በቴሌግራም ቻናል የተላለፈ ፋይል አትጠቀሙ። የሰው ገንዘብና የሰው ፋይል ያለበት ማሽን ላይ የምትሰኩት ነገር ነው። ሱቅ ውስጥ ከተጠቀማችሁበት በኋላም ፍላሹን ፎርማት አድርጉት፤ የሱቅ ኮምፒውተሮች ቫይረስ አያጡም።

ሁለተኛው ፍላሽ ራም ለሚመረምረው ሜምቴስት86+ ብቻ ነው። እሱ ከዊንዶውስ ውጪ ራሱን ችሎ የሚነሳ ስለሆነ ሌላ ነገር አብሮት አይቀመጥም። እንዴት እንደምትጠቀሙበት ወደኋላ እመጣበታለሁ።

ሱቅ ስትገቡ በግልጽ ተናገሩ። «ወንድሜ፣ ሠላሳ ደቂቃ ብቻ ስጠኝ። ቴስቱን ካለፈ ዛሬውኑ እከፍላለሁ» በሉት። እስካሁን ባየሁት፣ በዕቃው የሚተማመን ሰው ወንበር ያቀርብላችኋል። ፈጽሞ አይሆንም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ማሽኑ ማን ነው?

መጀመሪያ ሲፒዩ-ዚን ክፈቱ። ስቲከሩን እርሱት። ስቲከር በብር ይሸጣል። ዊንዶውስ ራሱ የሚያሳየውን የፕሮሰሰር ስም እንኳ የሚያውቅበት ሰው ሊቀይረው ይችላል። ሲፒዩ-ዚ ግን ፕሮሰሰሩን በቀጥታ ጠይቆ የመለሰለትን ነው የሚያሳየው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ጻፉት። «ኮር አይ5 ነው» ማለት ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። አይ5-7200ዩ እና አይ5-8250ዩ የሚለያዩት በአንድ ጄኔሬሽን ነው። የመጀመሪያው ግን 2 ኮር (ስሌት የሚሠራ ክፍል) እና 4 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሥራ) ነው ያለው፤ ሁለተኛው 4 ኮርና 8 ትሬድ። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው ጄኔሬሽኑን የሚናገረው፤ 7200 ሰባተኛ፣ 8250 ስምንተኛ፣ 1135ጂ7 ደግሞ አሥራ አንደኛ ነው። ይህ ልዩነት ሌላም ትርጉም አለው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ጥቂት ልዩ ሞዴሎች ሲቀሩ ከስምንተኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ሰባተኛ ጄኔሬሽን በስምንተኛ ዋጋ ከገዛችሁ ሁለት ጊዜ ከስራችኋል።

ከሞዴሉ ስም አጠገብ «ኢኤስ» የሚል ከታየ ፕሮሰሰሩ ለገበያ ያልወጣ የሙከራ ናሙና ነው። አትግዙት።

ወደ «ሜሞሪ» ገጽ ስትሄዱ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ነገር አለ። ራሙ 2400 ነው ተብላችሁ ሲፒዩ-ዚ 1200 አካባቢ ያሳያችኋል። አልተታለላችሁም። ይህ ዓይነቱ ራም በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ዳታ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ የሚታየውን በሁለት አባዙት። «ኤስፒዲ» የሚለው ገጽ ላይ ደግሞ በየትኛው ማስገቢያ ስንት ጊጋ ራም እንደገባ ታያላችሁ።

ዲስኩ፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ

ፕሮሰሰር በቀላሉ አይሞትም። ራም ይቀየራል። ዲስክ ግን ሲሞት ሥራችሁን፣ የልጆቻችሁን ፎቶ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን ይዞ ነው የሚሄደው።

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ክፈቱ። ከላይ በግራ በኩል የዲስኩን ጤና በቀለም ያሳያችኋል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፤ ቢጫ ተጠንቀቅ፤ ቀይ መጥፎ። ብዙ ሰው ሰማያዊውን አይቶ ይዘጋዋል። አትዝጉት። ወደ ታች ዝርዝሩ ላይ ሦስት መስመሮችን ፈልጉ፦ 05፣ ሲ5 እና ሲ6።

05 ዲስኩ የተበላሹ ቦታዎቹን ትቶ በመጠባበቂያ ቦታ የተካበት ቁጥር ነው። ሲ5 ዲስኩ ማንበብ አቅቶት፣ ተስፋ ቆርጦም ሳይተካ፣ በጥርጣሬ የያዛቸው ቦታዎች ናቸው። ሲ6 ጭራሽ ማንበብ ያልቻላቸው ናቸው። ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው። 05 ላይ ትንሽ ቁጥር ካለና ለረጅም ጊዜ ካልጨመረ ዲስኩ ሊቆይ ይችላል፤ እኔ ግን በእንዲህ ያለ ዲስክ ላይ ገንዘቤን አላወጣም። ሲ5 ላይ ቁጥር ካያችሁ ዲስኩ የሚቀየርበት ሒሳብ ከዋጋው ላይ ይቀነስ፤ አለዚያ ተዉት።

አሁን አንድ ወጥመድ ላሳያችሁ። የመጨረሻው ዓምድ ላይ ያለው ቁጥር ፕሮግራሙ ሲከፈት በተለመደው የአሥር አቆጣጠር አይደለም የሚጻፈው፤ በአሥራ ስድስት አቆጣጠር ነው። መጨረሻው ላይ 10 የሚል ካያችሁ 16 ማለት ነው። የሥራ ሰዓቱ መስመር ላይ 2710 ካያችሁ 2,710 ሰዓት አይደለም፤ 10,000 ሰዓት ነው! ለማስተካከል «ፈንክሽን» የሚለውን፣ ከዚያ «አድቫንስድ ፊቸር»፣ ከዚያ «ሮው ቫልዩስ» ውስጥ ገብታችሁ በአሥር አቆጣጠር የሚለውን ምረጡ። በቀኝ በኩል ከላይ የሚታየው የሰዓት ቁጥር ግን ቀድሞውኑ በተለመደው አቆጣጠር ነው።

ሰዓቱን እንዴት እናንብበው? በቀን 8 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ቢሮ 2,400 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ 10,000 ሰዓት የሠራ ዲስክ ከአራት ዓመት በላይ ቢሮ ውስጥ ኖሯል ማለት ነው። «ትንሽ ነው የተነካካው» ተብሎ የሚሸጥ ማሽን ላይ ይህን ካያችሁ ዋጋ የመደራደር መብት አላችሁ። በተቃራኒው፣ ኪቦርዱ አልቆ ያብረቀረቀ ላፕቶፕ ላይ 40 ሰዓት ብቻ ካያችሁ ወይ ዲስኩ ተቀይሯል፣ ወይ ቆጣሪው ተመልሷል። ቆጣሪ መመለስ ተረት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ ጀርመን ውስጥ አዲስ ተብለው የተሸጡ ሃርድ ዲስኮች ብዙ ሺህ ሰዓት የሠሩ ሆነው ተገኝተዋል። የተለመደው ቆጣሪ ዜሮ ተደርጎ ነበር፤ ያጋለጣቸው ዲስኩ ውስጥ ያለ ሌላ፣ ጠለቅ ያለ መዝገብ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ከማሽኑ መልክ ጋር መስማማቱን ሁሌም አስተያዩ።

ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ከሆነ፣ በተለይ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ፈጣኑ ዓይነት፣ ዝርዝሩ ይለያል። ከላይ ጤናው ላይ የሚታየው በመቶኛ የቀረው ዕድሜ ነው። የዳታ ስህተት የሚመዘገብበት መስመርም አለ፤ እሱም ዜሮ ይሁን።

ጤናው ደህና ከሆነ ብቻ ክሪስታል ዲስክ ማርክን አስነሱና ፍጥነቱን ለኩ። የታመመ ዲስክ ላይ የፍጥነት ቴስት አታድርጉ፤ ልታስጨርሱት ትችላላችሁ። የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ በተከታታይ ንባብ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ይሰጣል። በሃርድ ዲስክ ማገናኛ የሚሠራው ሳታ ኤስኤስዲ ከ500 በላይ ይደርሳል። ሦስተኛ ትውልድ ኤንቪኤምኢ ጥሩው እስከ 3,500 ገደማ ይሄዳል። ከሁሉም በላይ ግን «አርኤንዲ4ኬ» የሚለውን መስመር እዩ፤ ከዲስኩ የተለያዩ ቦታዎች ትንንሽ ቁራጭ የማንበብ ፍጥነቱ ነው። ማሽኑ ሲነሳ፣ ፕሮግራም ሲከፈት ፈጣን ወይም ቀርፋፋ የሚመስለን በዚህ ምክንያት ነው። ሃርድ ዲስክ እዚህ ላይ ጥያቄ አንድ በአንድ ሲቀርብለት 1 ሜጋባይት እንኳ መሙላት ያቅተዋል፤ ደህና ኤስኤስዲ ከ20 በላይ ይሰጣል። አሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሲገባለት «አዲስ ሆነ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ባትሪው

ለዚህ ምንም ማውረድ አያስፈልግም። ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ስታርት ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ ብላችሁ ጻፉና ጥቁሩን መስኮት ክፈቱ። ከዚያ በስልክ ፊደል እየጠራሁላችሁ እንዳለሁ አድርጋችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፦ ፒ፣ ኦ፣ ደብሊው፣ ኢ፣ አር፣ ሲ፣ ኤፍ፣ ጂ። አንድ ቦታ ክፍት ተዉ። ወደ ቀኝ ያዘነበለችውን ሰረዝ ጨምሩ። አያይዛችሁ ቢ፣ ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ ኢ፣ አር፣ ዋይ፣ አር፣ ኢ፣ ፒ፣ ኦ፣ አር፣ ቲ። ኢንተር ስትሉ ሪፖርቱን የት እንዳስቀመጠው ይነግራችኋል፤ ፋይሉን በብራውዘር ክፈቱት።

ሁለት ቁጥር ነው የምትፈልጉት። አንደኛው ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም ነው፤ ሌላው ዛሬ ሲሞላ የሚይዘው። ለምሳሌ የመጀመሪያው 50,000 ሁለተኛው 31,000 ከሆነ 62 በመቶው ቀርቷል። ከ80 በላይ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ከ60 በታች ከወረደ የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ወጪ ውስጥ አስገቡ። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ለምትኖሩ ይህ ቅንጦት አይደለም። አንዳንድ ማሽን ስንት ዙር እንደተሞላም ይጽፋል፤ ባዶ ከሆነም ችግር የለውም።

ቻርጀሩን ነቅላችሁ አሥር ደቂቃ አሠሩት። ሪፖርቱ 85 በመቶ እያለ ማሽኑ ድንገት ድርግም ካለ፣ ሪፖርቱን ሳይሆን ያያችሁትን እመኑ።

ሙቀትና የአሥር ደቂቃው ቴስት

ከሁሉም የምወደው ቴስት ይህ ነው። ላፕቶፕ ለአንድ ደቂቃ ሁሉም ጎበዝ ነው። አሥር ደቂቃ ሲሠራ ነው ማንነቱ የሚታየው።

ቻርጀሩን ሰኩ። ኤችደብሊውኢንፎን «ሴንሰርስ ኦንሊ» የሚለውን መርጣችሁ ክፈቱ። የሙቀትና የፍጥነት ቁጥሮች በረድፍ ይደረደራሉ፤ አሁን ያለው፣ ዝቅተኛው፣ ከፍተኛው። ጎን ለጎን ሲኔቤንች አር23ን አስነሱ። ይህ ፕሮግራም ባለሦስት አውታር ምስል እየሣለ ፕሮሰሰሩን ሙሉ በሙሉ ያሠራዋል። ሲከፈት ቴስቱ ቢያንስ አሥር ደቂቃ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ይህን አጥፉትና አንድ ዙር ብቻ አሠሩ። ውጤቱን ጻፉ። ከዚያ አሥር ደቂቃውን መልሳችሁ አብሩና እንደገና አሠሩ።

ሁለቱን ውጤቶች አስተያዩ። ቀጭን ላፕቶፕ ሲሞቅ ትንሽ መውረዱ የተለመደ ነው። ከአምስት አንድ እጅ በላይ ከወረደ ግን ማሽኑ መተንፈስ አቅቶታል። ኤችደብሊውኢንፎ ላይ «ተርማል ትሮትሊንግ» የሚለው መስመር «የስ» ካለ ፕሮሰሰሩ ራሱን ከመቃጠል ለማዳን ሥራ ቀንሷል ማለት ነው። ብዙዎቹ የኢንቴል ላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ይህን የሚያደርጉት 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ነው። ፋኑ መዞሩን በጆሮ ስሙ። እጃችሁን በመውጫው በኩል አድርጉ፤ ፕሮሰሰሩ 95 ዲግሪ እያለ የሚወጣው አየር ቀዝቃዛ ከሆነ ሙቀቱ ወደ ውጪ እየደረሰ አይደለም። ወይ አቧራ ዘግቶታል፣ ወይ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቴርማል ፔስት ደርቋል። ይህ የሚጠገን ነገር ነው፤ ማሽኑን ለመተው ሳይሆን ለመደራደር ተጠቀሙበት።

አዲስ አበባ ላይ ስንለካ አንድ ነገር አንርሳ። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ፋን ደግሞ የሚያቀዘቅዘው በአየር ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ሰው በዩቲዩብ ካሳየው ጥቂት ዲግሪ ቢበልጥባችሁ ማሽኑ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። ዱባይ ወይም ጅዳ ሆናችሁ የምትገዙ ደግሞ ሱቁ በኤሲ የቀዘቀዘ መሆኑን አስቡ፤ ቤታችሁ ውስጥ ቁጥሩ ሌላ ይሆናል።

ውጤቱን ከሌላ ሞዴል ጋር አታወዳድሩ። ያንኑ ፕሮሰሰር ስም ከሲኔቤንች አር23 ጋር አድርጋችሁ ፈልጉና ሌሎች ካገኙት ጋር ተቀራራቢ መሆኑን ብቻ እዩ። በጣም ካነሰ ቻርጀሩ ትክክለኛው ዋት መሆኑን፣ ዊንዶውስ ኃይል ቆጣቢ ላይ አለመሆኑን አረጋግጡ። ደካማ ቻርጀር ጤነኛውን ላፕቶፕ በሽተኛ ሲያስመስል ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ግራፊክስ

የተለየ ግራፊክስ ካርድ ካለው ብቻ ስለ ካርዱ የሚናገረውን ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ፤ ይህንንና ፈርማርክን ቀድማችሁ በፍላሹ ያዙ። ካርዱ ሌላ ካርድ እንዲመስል ተደርጎ ከሆነ ፕሮግራሙ ከስሙ ፊት «ፌክ» ብሎ ይጽፍባችኋል፤ ይህ በተለይ ዴስክቶፕ ለምትገዙ ይጠቅማል። ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ወይም ለጌም ከሆነ ካርዱን ሙሉ በሙሉ የሚያሠራውን ፈርማርክን አሥር ደቂቃ አሠሩ። ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ አትውሰዱት።

ቤት ከደረሳችሁ በኋላ የሚሠራ የሌሊት ሥራ

ከሻጩ ጋር ቢያንስ የሦስት ቀን መመለሻ ተስማሙ፤ የሚቻል ከሆነ በጽሑፍ። የራም ምርመራ ሱቅ ውስጥ አያልቅም።

ሜምቴስት86+ ያለበትን ፍላሽ ሰክታችሁ ማሽኑን ከእሱ አስነሱት። እምቢ ካለ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ መቼት) ውስጥ ያልተፈቀደ ፕሮግራም እንዳይነሳ የሚከለክለውን «ሴኪዩር ቡት» ማጥፋት ሊያስፈልግ ይችላል። ከዚያ በፊት ግን ዲስኩ በቢትሎከር፣ በዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ፣ የተቆለፈ መሆኑን እዩ፤ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ እጃችሁ ላይ ሳይኖር ምንም አትንኩ። ፕሮግራሙ ከተነሳ ቻርጀሩን ሰክታችሁ ተኙ። ጠዋት ስህተቱ ዜሮ መሆን አለበት። አንድ ስህተት እንኳ ብዙ ነው። ቀይ መስመር ካያችሁ ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጣችሁ ድገሙት፤ የትኛው እንደታመመ ይለያል። ማሽኑ ያለ ምክንያት ሰማያዊ ስክሪን ሲያሳይ፣ የተቀዳ ፋይል አልከፈት ሲል፣ ዊንዶውስ ሲጫን መሃል ላይ ሲቋረጥ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው። ሰው ግን ዊንዶውሱን አምስት ጊዜ ይጭናል።

በሚቀጥለው ሌሊት ፕራይም95ን አሠሩ። ይህ ፕሮግራም የተሠራው ለ1ና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉ ትላልቅ ቁጥሮችን ለመፈለግ ነው። ስሌቱ ጥብቅ ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ጥቂት ቢሳሳት ወዲያው ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ላይ ኢንቴል ስካይሌክ በሚባሉት ፕሮሰሰሮቹ ላይ ኮምፒውተር ስታክ የሚያደርግ ችግር መኖሩን አምኖ በባዮስ አፕዴት አስተካክሏል፤ ችግሩን ያወጡት ይህን ፕሮግራም የሚጠቀሙ ቁጥር ፈላጊዎች ናቸው። ለላፕቶፕ «ብሌንድ» የሚለውን መርጣችሁ ሁለት ሰዓት ይበቃል። አጠገቡ ሁኑ፤ አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። ከሁለት ሰዓት በኋላ ስህተት ካልጻፈ፣ ስታክ ካላደረገ፣ ራሱን ካላጠፋ ማሽኑ የእናንተ ነው።

አሁን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን እንደገና ክፈቱ። የመጀመሪያውን ቀን ስክሪንሻት አንስታችሁ፣ ከባትሪ ሪፖርቱና ከሲኔቤንች ውጤቱ ጋር በአንድ ፎልደር፣ ስሙን በቀኑ ሰይማችሁ ኢሜይላችሁ ላይ አስቀምጡት። በየሦስት ወሩ ያንኑ ገጽ ከፍታችሁ ከስክሪንሻቱ ጋር አስተያዩ። የሰዓት ቁጥሩ ይጨምራል፤ ይጨምር። ሲ5 ከዜሮ ከተነሳ ግን ለቅዳሜ አትበሉት፤ በዚያው ቀን ፋይላችሁን ገልብጡ። የአክስቴ ልጅ አሁን እንዲህ ነው የምታደርገው። ባለፈው ዓመት ሲ5 ላይ 8 አይታ ደወለችልኝ። ማታውኑ ሁሉንም ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጥን፤ አሮጌው ከሁለት ሳምንት በኋላ ሞተ።